ሙራጀዓ ለቁርኣን ብቻ ነው?

  



ባለፈው ረመዳን አንድ ምሽት ከተራዊሕ ተመልሼ ዶርም እንደገባሁ ታላቅ እህቴ በኢሞ ደወለችልኝ። እንደ ብዙዎቻችን እህቶች እሷም ሳዑዲ ሰው ቤት ትሠራለች። ስለ እናታችን ጤና፣ ስለ ፆሙ፣ ስለ ፈተናዬ ጠይቃኝ ጨርሳ ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «ያቺ መጽሐፌ አለች?» አለችኝ። የትኛዋ እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። «ቤት ትኖራለች፣ ስሄድ አያታለሁ» አልኳት። ዋሸሁ። መጽሐፏ ከቤት ከጠፋች አምስት ዓመት አልፏታል፤ ያጠፋኋትም እኔ ነኝ።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ውሸት ነው። ማለት የምፈልገው ግን ስለ አንዲት መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ግቢ ውስጥ ያለን ሙስሊም ተማሪዎች ብዙ እያወረድን ጥቂት የምናነብ፣ ያነበብነውንም ተመልሰን የማናይ ሆነናል። መድረሳ ካስተማረን ነገር ትልቁን፣ ሙራጀዓን፣ ለሒፍዝ ብቻ አስቀርተነዋል፤ እሱንም የያዘው ከመካከላችን ጥቂቱ ነው። በልጅነታችን የወደድናቸውን መጻሕፍት እንደገና ብናነብ ስለ ራሳችን፣ ስለ ዲናችንም፣ ስለ ትምህርታችንም የምናገኘው ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ሁለት ቦርሳ

ያደግሁት ሰበታ ነው። ቤት ውስጥ ስልጢኛ፣ ሰፈር ውስጥ ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ መድረሳ ዐረብኛ። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዙህር በኋላ መድረሳ። ለሁለቱ የተለያየ ቦርሳ ነበረኝ። የአንዱ ደብተር ከሌላው ቦርሳ ውስጥ ከተገኘ፣ ማንም ሳይከለክለኝ እንደ ጥፋት እቆጥረው ነበር። ትምህርት ቤት አበበ በሶውን ሲበላ፣ ጫላ ጩቤውን ሲጨብጥ ቆይተን መድረሳ ስንደርስ አሊፍ፣ ባ፣ ታ እንላለን። አበበና ጫላ ረመዳን የሚባል ወር መኖሩን አያውቁም፤ ቃዒዳው ደግሞ ሰበታ የምትባል ከተማ መኖሯን አያውቅም። እኛ ልጆቹ ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን ውስጥ እናውቃቸው ነበር።

መድረሳችን አንድ ሕግ ነበረው። ትናንት የቀራኸውን ዛሬ ሳትደግም አዲስ ደርስ አይሰጥህም። ቃዒዳን ጨርሼ ጁዝእ ዐማ ስገባ፣ በኋላም ሰፊናንና አርበዒንን ስጀምር ሕጉ አልተለወጠም። ያኔ እንደ ቅጣት ነበር የማየው። ሌላው ልጅ ኳስ ሲጫወት እኔ ያንኑ ገጽ ለአሥረኛ ጊዜ። አንድ ቀን ግን የኢማም ነወዊን አርበዒን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ በማላስታውሰው ስደግም ሐዲሶቹን ቆጠርኳቸው። 42 ናቸው። ያልተቆጠረ ሀብት እንዳገኘ ሰው ሮጬ ሄጄ «ኡስታዝ፣ አርበዒን ማለት 40 አይደለም? ይኸው 42 ነው!» አልኳቸው። ሳቁና፣ «እስከ ዛሬ ስትሸመድደው ነበር፤ ማንበብ የጀመርከው ዛሬ ነው» አሉኝ። ያን ቀን አልገባኝም።

የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ነገር ሌላ ነበር። የአማርኛ መጽሐፍ ለሦስት ተማሪ አንድ ይደርሰናል፤ ሰኔ ላይ እንመልሳለን። የወደድነውን ምንባብ ክረምት ላይ ልንደግመው ብንፈልግ መጽሐፉ የለም። ስለዚህ ሱቅ ስላክ ስኳር ወይም በርበሬ የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳላነብ አልጥልም ነበር። የአንዱ ልብ ወለድ መካከሉን፣ የሌላው የታሪክ መጽሐፍ መጨረሻውን በዚህ መልክ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያውንና ደራሲውን ግን አላውቅም።

ቤታችን የነበረችው ብቸኛ የታሪክ መጽሐፍ የእህቴ ነበረች፤ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»። 8ኛ ክፍልን ስትጨርስ አንዲት መምህሯ የሰጧት ናት። ሽፋኗ ከተነሳ ቆይቷል፤ ጀርባዋን እህቴ በልብስ ክር ሰፍታታለች። ተረቶቹ በግጥም የተጻፉ በመሆናቸው ሳናስበው በቃላችን ያዝናቸው። እህቴ ከሰል እያያያዘች እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አነባለሁ፤ ሳሳት ሳታይ ታርመኛለች። ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ ያነበብኩት ግን እዚያ ምድጃ ዳር ነው።

ከእነዚያ ውስጥ በጣም የምወደው የአዝማሪውና የውሃ ሙላቱ ነበር። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ አዝማሪ መንገድ ሲሄድ ወንዝ ሞልቶ ያገኘዋል። ከዳር ቆሞ ለውሃው መዝፈን ይጀምራል። ሌላ መንገደኛ ይደርስና ምን እያደረገ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ውሃው እንደሆነ አይሰማም፤ የሚዘፈንለት እየሄደ ሌላው ይተካል። እኔና እህቴ በአዝማሪው ሞኝነት እንስቅ ነበር።

እንዴት እንደጣልኳት

10ኛ ክፍል ስገባ አላህ ለዲን ያለኝን ፍቅር ጨመረልኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ፈጅርን በጀመዓ መስገድ ያዝኩ፤ የሙሓደራ ድምፆችን በስልኬ እየጫንኩ እሰማ ጀመር። ከሰማሁት በአንዱ ዳዒው ጊዜን በከንቱ ስለማባከን ተናገረ። እኔ ቤት ገብቼ ዙሪያዬን ስመለከት ከንቱ ሆና የታየችኝ ያቺ መጽሐፍ ናት። ተረት፤ ያውም የአዝማሪ ተረት። ያን ጊዜ እህቴ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። መጽሐፏን ይዤ ሰፈር ወዳለው ሱቅ ሄድኩና ለመጠቅለያ ይሆናል ብዬ ሰጠሁ። ባለ ሱቁ አንድ ማስቲካ ሰጠኝ።

ይህን ስናገር ጥፋቱን በዳዒው ላይ ላላክክ አይደለም። መጽሐፍ ጣሉ አላለም። ማንም ኡስታዝ እንዲህ አላለኝም። ከሰማሁት ግማሹን ይዤ የሮጥኩት እኔ ነኝ። እንዲያውም ሙሓደራውን ራሱን ሁለተኛ ጊዜ ብሰማው ኖሮ እንደዚያ አላደርግም ነበር። አንዴ ሰምቶ መሮጥ፣ አንዴ አንብቦ መፍረድ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ማለፍ፤ ዛሬም በመካከላችን የማየው ችግር ይህ ነው።

እንደገና ሳነባት

ከዚያ የረመዳን ስልክ በኋላ ውሸቱ አላስተኛኝም። ከዒድ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ እየዞርኩ ስጠይቅ ቆይቼ አንዱ ጋ አገኘኋት። የእህቴ አይደለችም፤ ግን ያቺው ናት። ዶርም ገብቼ በአንድ ሌሊት ጨረስኳት። አዝማሪው ጋ ስደርስ ግን አልሳቅሁም።

እኔ አሁን የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ባለፈው ዓመት ሃይድሮሊክስና ሃይድሮሎጂ ወስደናል። አንድ ወንዝ የሚሰበስበው የተፋሰስ ስፋት ትንሽ፣ ተዳፋቱ የበዛ ከሆነ ጎርፉ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይሄዳል፤ ጠዋት የማይደፈረው ከሰዓት በኋላ በድንጋይ ላይ ይሻገሩታል። የውሃው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ሰውን የሚገፋበት ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ጉልበት የማያልፍ ውሃ ጎልማሳ የሚጥለው ለዚህ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ያንን ተረት ሳነበው ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ዘፈኑን እንተወውና፣ አዝማሪው ውሃ ውስጥ አልገባም። ዳር ቆሞ ነበር። በደራሽ ውሃ ፊት ሰው ማድረግ ያለበት መጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ወዲያው ትዝ ያለኝ የራሳችን ወንዝ ነው። ከቤታችን ወደ መድረሳ በሚወስደው መንገድ አንድ ትንሽ ወንዝ ነበር። በጋ ላይ በድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን እንሻገረዋለን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ወጨጫ በኩል ዝናብ ከጣለ፣ እኛ ሰፈር ሳይዘንብ እንኳ፣ ደፍርሶ ይወርዳል። ድልድይ አልነበረውም። ኡስታዛችን ማዶ ቆመው እጃቸውን እያወዛወዙ ይጮኻሉ፦ «እንዳትገቡ! እስኪጎድል ሱራችሁን ድገሙ!» እኛ ሰባት ስምንት የምንሆን ልጆች ከዳር ተቀምጠን ለሚወርደው ውሃ ሱረቱል ሙልክን እንቀራለን። ውሃው አይሰማንም። እኛ ግን ደግመን ደግመን ስንጨርስ ጎድሏል። ሱራዋም በቃላችን ገብታለች። በአዝማሪው እየሳቅሁ እሱ ያደረገውን ሳደርግ እንደኖርኩ ያወቅሁት በ22 ዓመቴ ነው።

ከበደ ሚካኤል ያን ለማለት ፈልገው ጻፉት እያልኩ አይደለም። የተረቱ ትምህርት ለማይሰማ መናገር ከንቱ ድካም ነው የሚለው ነው፤ እሱም እውነት ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ሳይለወጥ እኔ ተለውጬ ጠበቅሁት። በልጅነቴ ከመንገደኛው ጋር ነበርኩ፤ በ16 ዓመቴ ሁለቱንም ጣልኳቸው፤ ዛሬ ከአዝማሪው ጎን ቆሜ ውሃውን አያለሁ። አንድ ሰው ምን ያህል እንዳደገ፣ የት ጋስ እንደደነደነ የሚያውቅበት ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። አዲስ መጽሐፍ ይህን ሊነግረን አይችልም፤ ያኔ አላነበብነውምና።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ለእህቴ ደወልኩና እውነቱን ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ «አውቃለሁ እኮ፤ እማማ ነግራኛለች። አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው» አለች። ከዚያ አዝማሪውን አነበብኩላት። ሁለት ቦታ ስሳት ሳታይ አረመችኝ።

ከቡራዩና ከሱሉልታ

ነገሩ የእኔ ብቻ እንዳይሆን ብዬ ከእኛው አካባቢ ወደዚህ ግቢ የመጡ ሁለት የጀመዓችን አባላት በልጅነታቸው የወደዱትን መጽሐፍ እንደገና እንዲያነቡ ጠየቅኳቸው።

የቡራዩው ወንድም የመረጠው አርበዒንን ነው። መድረሳ እያለ 42ቱንም ሐፍዟል። ያ ሁሉ ያለው የመጀመሪያው ሐዲስ ጋ መቆሙን ነገረኝ። ሥራ በኒያ እንደሚለካ፣ የተሰደደ ሰው ስደቱ ለተሰደደለት ነገር እንደሚሆን የሚናገረው ነው። «ልጅ ሆኜ ስለ መካና መዲና ብቻ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ግን ከቡራዩ ወደዚህ ግቢ የመጣሁበት ኒያዬ ምንድን ነው ብዬ አንድ ሳምንት አሰብኩ» አለ። ሐዲሱን ከመንገር ባለፈ የሰው ስም እየጠራ ሲጠይቀው የሰማው ገና አሁን ነው።

የሱሉልታዋ እህት የመረጠችው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ መጀመሪያ ያወቀችው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ፣ ከአያቷ ጋር ሆና በስልክ እየሰማች ነው። ያን ጊዜ ያለቀሰችው ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ነበር። ዘንድሮ ስታነበው ግን ዓይኗ የሄደው ወደ ገበሬዎቹ ነው፤ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ወደተነሡት፣ ወደነ አበጀ በለው። አያቷ ሲሰሙ ዝም ይሉ የነበረው የፍቅሩ ቦታ ላይ ሳይሆን የግብሩ ቦታ ላይ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላት። «አያቴ ከእኔ ጋር አንድ መጽሐፍ እየሰማች ሌላ መጽሐፍ ትሰማ ነበር» አለችኝ። አያቷ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው።

ሁሉም እንዲህ ያምራል ማለት ግን አይደለም። እኔ ከወደድኳቸው የትርጉም ጀብዱዎች አንዱን ሳገኘው ከአሥር ገጽ በላይ መግፋት አልቻልኩም፤ ባዶ ነበር። በሌላው ውስጥ ደግሞ ሙስሊም ሰው ከመጣ ወይ ነጋዴ ነው ወይ ባሪያ ፈንጋይ፤ ስምም የለውም። ልጅ ሆኜ ይህን አላየሁትም፤ እኔም ከጀግናው ጋር ሆኜ እሱን ሳሳድድ ነበር። ይህንንም ማወቅ ጥቅም ነው። ልጆች ሆነን ሳናውቅ የዋጥነውን የምናገኘው የዋጥንበት ቦታ ስንመለስ ነው።

የቀደምቶቻችን መንገድ

ቁርኣን የአላህ ቃል ነው፤ መድገሙ ዒባዳ ነው። ከሰው መጽሐፍ ጋር አላወዳድረውም። የማነሣው ልማዱን ነው። ጂብሪል (ዐ.ሰ) በየዓመቱ ረመዳን ላይ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ቁርኣኑን ይከልሱ እንደነበር፣ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ሁለት ጊዜ እንደከለሱ በሰሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ወሕዩ በልባቸው የተቀመጠላቸው ነቢይ ከከለሱ እኛ ማን ነን?

ዑለማዎቻችንም በኪታቦቻቸው እንዲሁ ነበሩ። በሒጅራ 204 ያረፉት የኢማሙ ሻፊዒይ ተማሪ የሆኑት አል-ሙዘኒ (ረሒመሁላህ) የመምህራቸውን «ሪሳላ» ለ50 ዓመታት ሲመላለሱበት እንደኖሩ፣ በተመለከቱት ቁጥርም ያላወቁትን እንዳገኙ ተናግረዋል። እኛ ሃንድአውት ሁለቴ ካየን ጎበዝ ተብለናል።

ኢብኑ ሲናን ደግሞ፣ ስለ ዐቂዳው ዑለማዎች የተናገሩት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለእኛ ለሳይንስ ተማሪዎች ላንሣው። በራሱ አንደበት በተረከው የሕይወት ታሪኩ የአሪስቶትልን ሜታፊዚክስ 40 ጊዜ አንብቦ በቃሉ ቢይዘውም እንዳልገባው ይናገራል። ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ገበያ ላይ አንድ መጽሐፍ ሻጭ የአል-ፋራቢን ትንሽ መጽሐፍ በ3 ዲርሃም ካልገዛህ አለው። እምቢ ብሎ ኋላ ገዛው። ቤቱ ገብቶ ሲያነበው ያ 40 ጊዜ ያነበበው ሁሉ ተከፈተለት፤ በማግሥቱ ለድሆች ሰደቃ ሰጠ። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ አል-ፋራቢ መጽሐፍ ነው። እኔ ግን 40ው ባይኖር ያቺ መጽሐፍ የምትከፍተው በር አይኖራትም ነበር እላለሁ።

ስልካችን ላይ ያለው

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ይህን ስጽፍ ስልኬ ላይ ያሉትን የፒዲኤፍ መጻሕፍት ቆጠርኩ፤ ከሦስት መቶ ይበልጣሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበብኳቸው አራት ናቸው። ሁለቴ ያነበብኩት አንድም የለም። በቴሌግራም «ወላሂ ይህን ኪታብ ሳታነቡ እንዳትሞቱ» ተብሎ ሲላክ እናወርዳለን፤ ማውረዱ ማንበብ ይመስለናል። ጓደኛችን «ረሒቀል መኽቱምን አንብበሃል?» ቢለን «አለኝ» ብለን እንመልሳለን። ጥያቄው ግን አለህ ወይ አልነበረም።

የሚነሱ ክርክሮች እንዳሉ አውቃለሁ። አንደኛው ጊዜ የለንም የሚለው ነው፤ ሚድ አለ፣ ፋይናል አለ፣ ሒፍዝ አለ። እውነት ነው። ግን የልጅነት መጽሐፍ አብዛኛው ትንሽ ነው። አርበዒን በአንድ ከሰዓት ያልቃል፤ ከዒሻ በኋላ ስልክ ላይ የምናሳልፈው ጊዜ ይበቃዋል። ሁለተኛው ሲራውን ሳንጨርስ ተረት ምን ያደርግልናል የሚለው ነው። ፈትዋ የመስጠት ቦታው የእኔ አይደለም፤ ለኡስታዞቻችን ነው። ሲራውን የሚያስቀድም ሰው ትክክል ነው፤ እሱንም ግን በልጅነቱ የቀራበትን መጽሐፍ አንሥቶ ሁለተኛ ያንብበው ነው የምለው። ሦስተኛው፣ ይህ የልጅነት ናፍቆት ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም የሚለው ነው። ናፍቆት ቢሆን ኖሮ ያ ባዶ የጀብዱ መጽሐፍም ጣፋጭ በሆነልኝ ነበር። ናፍቆት ያሳመረውን ነገር የሚያፈርሰው ማንበቡ ነው።

ቤቱ ሲሄድ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆነዋል። መንገድ ሰፍቷል፣ ቤት ፈርሷል፣ ሰፈር ተለውጧል። እኔ የቀራሁበት መድረሳ ዛሬ ቦታው ላይ የለም፤ ወንዙም ድልድይ ተሠርቶለታል። የመድረሳው ኪታቦች በየቤቱ ተበተኑ። ያኔ አብረን ውሃ ዳር የተቀመጥነው ልጆች አንዱ ባሕር ማዶ፣ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ግቢ ነው። ቦታው ሲሄድ ተመልሰን የምንገባበት የቀረን መጽሐፉ ነው። አንድ ገጽ ሱረቱል ሙልክ ስከፍት የኡስታዛችን እጅ ማዶ ሲወዛወዝ አየዋለሁ።

ደግሞም ያ የሁለት ቦርሳ ነገር የአባቶቻችን አልነበረም። የወሎው ሸህ ጠልሐ ጀዕፈር አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል በዐጀሚ ጽፈው ሕዝቡን አስተምረዋል። ሸህ በክሪ ሳጳሎ ለኦሮምኛ ከራሳቸው አእምሮ ፊደል አውጥተዋል። ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሸይኽ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የቁርኣንን ትርጉም በግዕዝ ፊደል አስቀምጠውልናል። እነሱ መድረሳቸውንና የአገራቸውን ቋንቋ በአንድ ቦርሳ ነው የያዙት። ሁለት ቦርሳ ያደረግነው እኛ ነን።

ስለዚህ ለጀመዓችን ሦስት ነገር ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በሴሚስተር ዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ እያንዳንዳችን በልጅነታችን ከቀራንበት ወይም ካነበብንበት መጽሐፍ አንዱን ፈልገን እናንብብ። ከመድረሳ ይሁን ከትምህርት ቤት፣ ኪታብ ይሁን ተረት። ካልጠፋ በጀርባው ቀኑን እንጻፍበት፤ ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና ስንከፍተው ያስፈልገናል።

ሁለተኛ፦ ብቻችንን አናንብብ። ታናሽ እህት ወይም ወንድም አጠገባችን አስቀምጠን እነሱ ያንብቡ፣ እኛ እናርም። አብዛኞቻችን እንደዚያ ነው ያነበብነው። ስልክ በእጁ የያዘ ልጅ «አንብብ» ስለተባለ አያነብም፤ ሲነበብ ካየ ግን ያነባል።

ሦስተኛ፦ ስንመለስ በጀመዓው ክፍል አንድ መደርደሪያ እንክፈት። ሁለት ሁለት ቅጂ ያለን አንዱን እናምጣ። ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ልንሠራ አይደለም፤ አራት ኪሎ አብርሆት አለልን። መደርደሪያው አንድ ሕግ ብቻ ይኑረው፤ የመድረሳችን ሕግ። የወሰድከውን ሳትደግም አዲስ አይሰጥህም።

እህቴ ውሏ የሚያልቀው በመጪው ዓመት ነው፤ ኢንሻአላህ። ስትመጣ የምሰጣት መጽሐፍ የሷ አይደለችም፤ የሷዋ ስኳር ተጠቅልሎባት ሄዳለች። በአዲሷ ጀርባ ላይ ግን ያነበብኩባቸውን ቀኖች ጽፌያለሁ፤ እስካሁን ሦስት ናቸው። ማስቲካውን ስለ ተቀበልኩበት ቀን ግን አውፍ እንድትለኝ ገና እየለመንኳት ነው።

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባሳወቀንም ይጥቀመን። ከተሳሳትኩ ስሕተቱ ከራሴና ከሸይጧን ነው፤ ትክክል ከሆንኩ ከአላህ ብቻ ነው። ወላሁ አዕለም።